ከዕቅድ በላይ የሆነ ደም

የሰው ልጅ ደም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ ዕቅድ ሲዘዋወር ኖሯል። ከልብ ይነሣል፣ እግር ጣት ድረስ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የት ደርሰህ መጣህ ብሎ የሚጠይቀው፣ ሪፖርት አቅርብ የሚለው አልነበረም። ይህ ልቅ አሠራር መልክ የያዘው በአንድ የሚዛንና የመስፈሪያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቆራጥ ተጠባባቂ ኃላፊ አመራር ነው። ይህን የመሰለ ገድል ሳይጻፍ ቢቀር መጪው ትውልድ ስለሚታዘበን እንደሚከተለው አስፍረነዋል።

የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የከተማውን ሱቆች እየዞረ ሚዛናቸውን ይፈትሻል፣ ትክክል ሆኖ ላገኘው ማኅተም ይመታል። ባለፈው ዓመት አራት መቶ ሚዛን ለመፈተሽ አቅዶ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ፈትሿል። በከተማው ያለው ሚዛን ሁሉ ተለቅሞ ቢቆጠር ሦስት መቶ እንደማይሞላ የሚያውቁ አንዳንድ ነገረኞች ይህ ቁጥር አልዋጥ ብሏቸው ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ግን ሚዛን አለቀብኝ ብሎ ከሥራው የሚገታ መሥሪያ ቤት አይደለም።

እዚያ ቤት ሕጉ አንድ ነው። በሪፖርቱ ላይ «ዕቅድ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከጎኑ «ክንውን» የሚል ዓምድ አለ፤ ክንውን ከዕቅድ መብለጥ አለበት። ያቀደውን ያህል ብቻ የሠራ ሰው ሰነፍ ይባላል። ካቀደው በታች የሠራ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ የሚናገር መመሪያም የለም።

ተጠባባቂ ኃላፊው በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ዘጠኙንም ዓመት በተጠባባቂነት ነው። በራቸው ላይ «ተጠባባቂ ኃላፊ» ይላል፤ ማኅተማቸው ላይ ይላል፤ የሠርግ ጥሪ ሲላክላቸው እንኳ ፖስታው ላይ ያቺ ቃል ቀድማ ትቀመጣለች። ሰው በደህና ቋንቋ «ኃላፊ» ብሎ ሲጠራቸው ደስ ይላቸውና፣ ገና ደስታውን ሳይጨርሱት አንዱ ከጎን ሆኖ «ተጠባባቂ ናቸው እኮ» ብሎ ያርማል። ከዚህ ዓለም ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልነበረም። ያቺ ቃል ትነሣላቸው ብቻ።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ከበላይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። «ከአምስት ዓመት በላይ በተጠባባቂነት ያገለገሉ ኃላፊዎች በቋሚነት ይሾሙ ዘንድ፣ የመደበኛ የደም ምርመራ ውጤታቸውን አያይዘው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲልኩ እናሳስባለን» ይላል። ውጤቱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አይናገርም። ለተጠባባቂው መንገርም አያስፈልግም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውጤት ሲልኩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የትኛው እንደሚወደድ ያውቃሉ።

ወዲያው የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያውን አስጠሩ። ይህ ባለሙያ እርሳስ ከጆሮው የማይለየው፣ አለቃው ሲያስሉ አብሮ የሚያስል፣ እጅግ ታማኝ ሰው ነው።

«የደም ምርመራ ታውቃለህ?» አሉት።

«በሪፖርት ደረጃ አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ስንት ይጠበቅብናል?»

«ዕቅዱን እነሱ ራሳቸው ወረቀቱ ላይ ያሰፍሩታል ነው የሚባለው። የእኛ ድርሻ ማለፍ ብቻ ነው።»

«በስንት እንለፍ?»

«እንደ ልማዳችን ከሁለት መቶ በመቶ ባናንስ ጥሩ ነው።»

ተጠባባቂው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት መቶ በመቶ ለእሳቸው ብርቅ አይደለም።

ምሳ ሰዓት ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው ከስፌት መኪናው ጀርባ ነበሩ። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰውየውን ገና ከበር ሳያልፉ አስቁመው ሜትሩን ወገባቸው ላይ አዞሩት።

«ይህን ሱሪ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ማጥበቤ ነው» አሉ። «ስትበላ ትውላለህ፣ ትከሳለህ። የጠጣኸውን ውኃ ለአትክልት ባጠጣው ይበቅልበት ነበር። ሌሊት አራቴ ትነሣለህ። ተመርመር ካልኩህ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«ልሄድ ነው እኮ።»

«እውነትህን ነው? ማን መከረህ?»

«ደብዳቤ መጣ።»

«የሚስት ምክር ማኅተም የለውም ለካ» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ይሁን፣ ብቻ ሂድልኝ። ስትሄድ ክሳትህን ንገራቸው። ጥማትህን ንገራቸው። እንዳትደብቅ።»

«እኔ የምሄደው ውጤት ላመጣ ነው እንጂ ስሞታ ላቀርብ አይደለም።»

ሴትዮዋ ፈርተዋል። ሃያ ስድስት ዓመት አብረውት የኖሩትን ሰው ወገብ በእጃቸው ያውቁታል፤ ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሲሄድ በሜትር ማየት ሆድ ያባባል። ተጠባባቂው ግን ክሳቱን ለሥራ ብዛት፣ ጥማቱን ለስብሰባ፣ የሌሊቱን መነሣት ደግሞ ለአገር ማሰብ ሰጥተውት ነበርና ምንም አልጨነቃቸውም።

ማክሰኞ ጠዋት ከጤና ጣቢያው የተነገራቸው መመሪያ አጭር ነው፤ ከምርመራው በፊት ለስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ይቆዩ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ጠዋት ይምጡ። ይህን መመሪያ ተጠባባቂው እንደ ተራ ሰው አልፈጸሙትም። በማግስቱ ጠዋት የዕቅድ ባለሙያውን አስከትለው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ላቦራቶሪው ደረሱ። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ቁርስ አልበሉም አይደል?»

«ከትናንት ቁርስ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ውኃም ጠብታ አልገባም።»

«ምነው?»

«ስምንት ሰዓት ተባልን፤ ሃያ አራት አደረስነው።»

«ሦስት መቶ በመቶ» አለ የዕቅድ ባለሙያው ከኋላ ቆሞ።

ልጅቷ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ስምንት ሰዓት ይበቃ ነበር እኮ ጋሼ። ከልክ በላይ መጾም ራሱ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። ውኃ ደግሞ ማን ከለከለዎት? ሰውነት ሲደርቅ ደም ሥር ይደበቃል። ይኸው የእርስዎን እየፈለግሁ ነው።» ክንዳቸውን በላስቲክ አሰረች፣ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች፣ ወደ ሌላኛው ክንድ ዞረች። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«የሚሰማዎት ነገርስ? ድካም፣ መክሳት፣ ውኃ ጥም?»

እዚህ ላይ ተጠባባቂው ቢናገሩ ኖሮ ታሪኩ እዚሁ ያበቃ ነበር። ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር ተጣብቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ አልኮል እንኳ በጉጉት እያዩት ነው። ነገር ግን ድካም አለብኝ የሚል ኃላፊ ሲሾም አይተው አያውቁም። «ከሥራ ጉጉት በቀር ምንም አይሰማኝም» አሉ።

«እሺ። አሁን ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል፣ ወዲያው ያልፋል።»

ቆንጠጥ አደረጋቸው፤ አለፈ። ልጅቷ ደሙን በሦስት ትናንሽ ብልቃጦች ቀዳች። ባለ ወይን ጠጅ ክዳኑ የደም ሕዋሳት የሚቆጠሩበት፣ ባለ ግራጫው ለስኳር፣ ባለ ቀዩ ለኩላሊትና ለጉበት፣ ደም ውስጥ ላለው ስብም እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ሌላው ሰው ስንት ነው የሚሰጠው?» አሉ ተጠባባቂው።

«እንደታዘዘለት ነው። ለእርስዎ የታዘዘው ሦስት ነው።»

«አራተኛ ጨምሪበት።»

«አያስፈልግም ጋሼ።»

«በራሴ ፈቃድ ነው።»

«ጥጡን ጫን አድርገው ይያዙት።»

ያዙት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር እንደሚጠይቅ ሰው ጠጋ አሏት። «ልጄ፣ እስካሁን ትልቁን ያመጣው ማን ነው?»

«ምኑን?»

«ውጤቱን።»

ልጅቷ ጓንቷን እያወለቀች በትዕግሥት አስረዳቻቸው። «ይህ ውድድር አይደለም ጋሼ። ወረቀቱ ላይ የእርስዎ ቁጥር ይጻፋል፤ ከጎኑ መደበኛው መጠን፣ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይቀመጣል። አንዱ ቁጥር ትንሽ ስላለፈ ወይ ስለጎደለ ብቻ ታመዋል ማለት አይደለም፤ ይደገማል፣ ይጣራል። የሚያነበው ሐኪሙ ነው። እባክዎን ወረቀቱ እጅዎ ሲገባ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳዩት።»

የዕቅድ ባለሙያው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ማስታወሻው ላይ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አሰመረና «ዕቅዱ እሱ ነው» አላቸው ቀስ ብሎ። ተጠባባቂው የገባቸው መሆኑን በዓይናቸው ጠቀሱት።

ውጤቱን በማግስቱ ያመጣው እሱው ነው። ፖስታው ላይ «ለሐኪም» የሚል ተጽፎበታል፤ ለበላይ አካል የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በዕቅድ ክፍል በኩል ስለሚያልፍ ከፈተው። በሩን ዘጉ። ተጠባባቂው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ጀምር።»

«ስኳር። ዕቅድ፣ ከሰባ እስከ መቶ። ክንውን፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

«ድገምልኝ።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ጌታዬ። ጎኑ ላይ ‹ከፍተኛ› ተብሎበታል። በቀይ ነው የተጻፈው።»

«ለምን በቀይ?»

«እንዲደምቅ ይመስለኛል።»

ተጠባባቂው መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ሰሞኑን ዓይናቸው ብዥ ይልባቸዋል፤ ይህኛው ግን የደስታ ነው ብለው አሰቡ። ባለሙያው ቀጠለ። ኮሌስትሮል፣ ዕቅድ እስከ ሁለት መቶ፣ ክንውን ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት፣ ከፍተኛ። ሌላው የደም ስብ፣ ዕቅድ እስከ መቶ ሃምሳ፣ ክንውን ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ከፍተኛ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ክንውን በእጃቸው ሳይሠሩት አግኝተው አያውቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቁጥር ማሳበጥ አላስፈለጋቸውም።

«ኩላሊት» አለ ባለሙያው፣ ድምፁን ቀዝቀዝ አድርጎ። «በዕቅዱ ውስጥ ነው። አላለፈም።»

«ጉበትስ?»

«እሱም እንዲሁ።»

«ሥራቸውን የሠሩ መስሏቸዋል» አሉ ተጠባባቂው በምሬት። «ሌላስ?»

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሄሞግሎቢን የሚባል አለ። ዕቅዱ ከአሥራ ሦስት ነጥብ አምስት ይጀምራል። ክንውን አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት። ‹ዝቅተኛ› ይላል።»

ተጠባባቂው አንገታቸውን ደፉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዕቅድ በታች ሆኖ የተገኘ ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም የተገኘው በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ባለሙያው በርኅራኄ ላጲሱን አወጣ። «ላስተካክለው?»

«ተወው» አሉ ተጠባባቂው ብዙ ካሰቡ በኋላ። «አንድ ትንሽ ድክመት ያለው ሪፖርት የበለጠ ይታመናል። ‹ወደፊት ትኩረት ይሰጠዋል› በልበት።»

የውጤቱ ቅጂ በማኅተም ታጅቦ በዚያው ቀን ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ተላከ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ተሰብስቦ ተነበበለት፤ ስኳሩ ላይ ሲደረስ ጭብጨባው ስብሰባውን አቋረጠው። በዚያው መሃል ከጤና ጣቢያው ስልክ ተደወለ። የዕቅድ ባለሙያው አነሣው።

«ሐኪሙ ስለ ውጤቱ ዛሬውኑ ሊያነጋግራቸው ይፈልጋል» አለች የላቦራቶሪዋ ልጅ።

«ስለ ውጤቱ?»

«አዎ፣ በጣም ከፍ ብሏል እኮ።»

«እናመሰግናለን፣ እኛም አይተነዋል። ኃላፊው ግን ሥራ ላይ ናቸው» አለና ዘጋው። ልጅቷ በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ደወለች፤ አራት ጊዜ ምስጋና ተቀበለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሹመቱ መጣ። ደብዳቤው «በደም ረገድ ያስመዘገቡት ክንውን ለሌሎች አርአያ ሆኖ በመገኘቱ» ይላል። ከዚህም በላይ ልምዱ ይሰፋ ዘንድ ከእንግዲህ ማንኛውም ኃላፊ በየሩብ ዓመቱ የደም ውጤቱን እንዲልክ ያዛል። ቀለም ቀቢ ተጠርቶ ከበሩ ላይ ያቺን ቃል ፋቀ። ኃላፊው (አሁን እንዲህ ማለት ይቻላል) ሲፋቅ ቆመው አዩ። እንባቸው መጣ። ደብዳቤውን ለማንበብ ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ፊደሉ እየተደባለቀባቸው አልቻሉም። ለባለሙያው ሰጡትና እሱ አነበበላቸው።

የምርመራውን ወረቀት በመስታወት ክፈፍ አስገብተው ቤታቸው ይዘው ሄዱ። ባለቤታቸው ያዩት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ «ከዕቅድ በላይ» ከመባል በቀር የሰሙት ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ሐኪም አይደሉም፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ግን ከዚህ እስከዚህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «ከሰባ እስከ መቶ ነው የሚለው።»

«እኔ ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

«እኔ የወገቡ ልክ ሰባ የሆነ ደንበኛ መጥቶ ሁለት መቶ አሥራ አራት አድርጌ ብሰፋለት ‹ከፍተኛ› ብሎ ያመሰግነኛል? ሱሪው ላዬ ላይ ነው የሚወረወረው።»

ኃላፊው ነገሩ የሴት ወሬ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጊዜ አላገኙም። ሴትዮዋ ክፈፉን በአንድ ብብታቸው፣ ባላቸውን በሌላው ይዘው ወጡ።

ሐኪሙ ወረቀት በመስታወት ሆኖ ሲመጣለት የመጀመሪያው ነው። ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅበት ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አነበበው። ክሳቱን፣ ጥማቱን፣ የሌሊቱን መነሣት ከሴትዮዋ ሰማ። የኃላፊውን ጣት ወጋ አድርጎ በትንሿ መሣሪያ ደግሞ ለካ። ሁለት መቶ አርባ አንድ አለች።

«ጨምሯል» አሉ ኃላፊው ሳያስቡት።

«ጋሼ፣ የስኳር በሽታ ነው» አለ ሐኪሙ። «ስንደውልልዎት ምነው ቀሩ?»

«ግን ‹ከፍተኛ› ይላል።»

«እዚህ ቤት ከፍተኛ ማለት መልካም ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ዕቅዱ?»

«ዕቅድ አይደለም። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገኝበት መጠን ነው። እኛ የምንደሰተው መሃሉ ላይ ስናገኝዎት ነው። ኩላሊትዎንና ጉበትዎን ይዩዋቸው፣ ልክ ናቸው፤ ጥሩ ዜናው እሱ ነው።»

«ዝቅተኛ የሚለውስ?» አሉ ኃላፊው በቀጭን ድምፅ።

«እሱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ጥቂት ነው የጎደለው፣ ደግመን እናየዋለን።»

ኃላፊው ሰማይ ተደፋባቸው። ያፈሩበት ቀላሉ፣ የኮሩበት በሽታው፣ የናቁት ጤናው ሆኖ ተገኘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ፤ እጃቸውን ሰደው የሚስታቸውን እጅ ፈለጉ። ሴትዮዋ እጃቸውን ይዘው አለቀሱ።

«አይዞዎት፣ ጊዜው አላለፈም» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ዓይንዎንም እግርዎንም ይጎዳው ነበር። መድኃኒቱን ይወስዳሉ፣ ምግብዎን ያስተካክላሉ፣ በየቀኑ ይራመዳሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንለካለን።»

በሐቅ እንናገር፤ ሰውየው የታዘዙትን ፈጸሙ። ክኒናቸውን በሰዓቱ ዋጡ። የሚጣፍጠውን ሁሉ ተሰናበቱት። በየማለዳው ከባለቤታቸው ጋር እስከ ከተማው ዳር በእግር ሄደው ተመለሱ። አንድ ወር ሳይሞላ ሌሊቱን በአንድ ጎን ተኝተው ማደር ጀመሩ፤ በሁለተኛው ወር ፊደል ቦታ ቦታውን ያዘላቸው። በሦስተኛው ወር ሲመረመሩ ስኳራቸው ዘጠና ስምንት ሆነ። ሐኪሙ ጨበጣቸው። የላቦራቶሪዋ ልጅ «ጎሽ ጋሼ» አለቻቸው። በሕይወታቸው ከዕቅድ ሳያልፉ ሲመሰገኑ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ደስታው ልዩ ሆነባቸው።

ወረቀቱን ለዕቅድ ባለሙያው ሰጡት። ባለሙያው መርዶ እንደሰማ ሰው ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ይህን ነው የምንልከው?»

«አዎ፣ ደስ ብሎኝ።»

«ከሁለት መቶ አሥራ አራት ወደ ዘጠና ስምንት?»

«ያኔ ታምሜ ነበር።»

«የተሾሙት ታመው ነው ብዬ ልጻፍ?»

ኃላፊው ወረቀቱን መልሰው አዩት። ማሳበጥ ይቻል ነበር፤ ከፊት አንድ ቁጥር ብትጨመር ማንም አያይም። እጃቸውም ለምዶት ነበር። ግን ይህ ቁጥር ለፍተው ያመጡት ቁጥር ነው። የሚዛን ቁጥር እንደፈለጉ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ይህን መንካት አልቻሉም። «እንዳለ ላከው» አሉት። «የሐኪሙንም ማብራሪያ አያይዝበት።»

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «በአንደኛው ሩብ ዓመት ያስመዘገቡት ሁለት መቶ አሥራ አራት በሁለተኛው ሩብ ዓመት ወደ ዘጠና ስምንት ያሽቆለቆለ መሆኑን ተመልክተናል። ለዚህም በምክንያትነት ያቀረቡት ‹ሕክምና› የሚል ማብራሪያ አጥጋቢ ሆኖ አላገኘነውም። ሌሎች ተመሳሳይ ጫና ያለባቸው ኃላፊዎች ያለ ምንም ሕክምና ክንውናቸውን እያሳደጉ በሚገኙበት በዚህ ወቅት፣ የእርስዎ ወደ ኋላ መቅረት አሳዛኝ ነው። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ከኃላፊነትዎ ተነሥተው በሚዛን መርማሪነት እንዲሠሩ ወስነናል።»

ከሹመቱ ጋር አንቱታውም ስለተነሣ፣ እኛም መመሪያ አክባሪዎች ነንና ከዚህ በኋላ «እሱ» እንለዋለን፤ ሚስቱንም «እሷ»። ደብዳቤውን ራሱ አነበበው፤ ዓይኑ ድኗልና አንዲት ፊደል አላመለጠችውም። አዘነ። ዘጠኝ ዓመት የተመኙት ነገር ሦስት ወር ቆይቶ ሲሄድ ማንም ያዝናል። ሚስቱ ግን ስትሰማ «አንተ ትረፍልኝ፣ እነሱ በሩን እንደፈለጉ ይቀቡት» አለችውና፣ አዳሩን ሲያስበው የሚስቱ ሚዛን ከመሥሪያ ቤቱ ሚዛን የተሻለ ሆኖ አገኘው።

አዲሱ ኃላፊ ብዙ አልተፈለጉም። የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያው ናቸው። ለካ እሳቸው ሦስቱን ወር ያለ ሥራ አልተቀመጡም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የለስላሳ ጠርሙስ ሲደረደር የነበረው ለዚህ ኖሯል። ለምርመራ የሄዱትም በባዶ ሆድ ሳይሆን ሁለት ኬክ በልተው ነው። ክንውናቸው ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሆነ። ይህን ያህል በአገር ደረጃም አልተመዘገበም ተባለ፤ ያለ ተጠባባቂነት፣ በቀጥታ ተሾሙ።

የሹመታቸው ዕለት ሠራተኛው በአዳራሹ ሞላ። አዲሱ ኃላፊ በጣም ከስተዋል፤ ሱፉ ከትከሻቸው ላይ ይንሸራተታል። መናገሪያው አጠገብ ሦስት ጠርሙስ ውኃ ተቀምጦላቸው ሁለቱን ንግግራቸውን ሳይጀምሩ ጨርሰዋል። «የደም ዘርፉን ከዚህም በላይ እናሳድገዋለን» ብለው ሲጀምሩ አቋርጠው ወጡ፣ ተመልሰው ሲቀጥሉ አቋርጠው ወጡ። ሠራተኛው ሁለቱንም ጊዜ እንደ ትሕትና ቆጠረላቸው።

የሚዛን መርማሪው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ጥማቱን ያውቀዋል። አወጣጡን ያውቀዋል። ቂም ነበረበት፤ ሲመጣ ልቡ አዝኖ ነበር የመጣው። ሰውየው ሁለተኛ ሲመለሱ ግን ቂሙን ረሳው፣ የራሱ ፍርሃት ተመለሰበት። ተነሥቶ መድረኩ ድረስ ሄደና ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ ስለ ሹመቱ አይደለም የመጣሁት። ሹመቱ ይባረክልህ። ግን ይህ ቁጥር በሽታ ነው። እኔ ደርሶብኝ ነው የምነግርህ። ተነሥ፣ አሁኑኑ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

አዲሱ ኃላፊ ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉትን አለቃ ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱት። ዓይናቸው በርኅራኄ ተሞላ። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

«አይዞህ፣ ተስፋ አትቁረጥ» አሉት። «ጠንክረህ ከሠራህ አንተም ትደርስበታለህ።»

ይህን ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ፈጠን ብለው ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ፤ ሠራተኛውም ከመቀመጫው ተነሥቶ እስኪመለሱ ድረስ አጨበጨበ።